የካፕሱል ቅርጫ

የሙዓዝን እጅ አምስት ጊዜ ይዣለሁ። የአምስቱም ቀንና ሰዓት በመዝገብ ላይ አለ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ጥቅምት ሰባት ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሶዶ ውስጥ የምሠራበት ኮሌጅ ጂምናዚየም ጎን፣ ቀድሞ የኳስ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። ሙዓዝ ከመሮጫ ማሽኑ ወርዶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መመሪያው ደም ከግራ እጅ የቀለበት ጣት ይወሰድ ይላል። ጣቱን በአልኮል ጠረግኩ፣ በመርፌ ወጋሁ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ በጥጥ አነሳሁ፣ ሁለተኛውን ለትንሿ የደም መለኪያ መሣሪያ ሰጠሁ። መለኪያዋ አሥራ አምስት ሰከንድ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። በዚያ ጊዜ ጥጡን ተቀብሎ ቁስሉን መጫን የሯጩ ሥራ ነው። እኔ ግን እጁን እንደያዝኩ ረስቼ ቀረሁ። እሱም ጥጡን አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ጊዜያት አልረሳሁም። አውቄ ነው የያዝኩት።

ጥናቱ የዶክተር ኤርሳዶ ነበር። ዶክተር ኤርሳዶ ውጭ አገር ሲማሩ የሚያውቋቸው ሰዎች ከወይራ ፍሬ የተጨመቀ ንጥረ ነገር በካፕሱል አሽገው ላኩላቸው። ወይራ መራራ የሚሆነው ፖሊፌኖል በሚባሉት ነገሮች ነው። ጥያቄያችን ሰው በየቀኑ እየሠለጠነ እነዚህን ቢወስድ፣ ጡንቻው ስኳርና ስብ የሚያቃጥልበት መንገድ ይለወጣል ወይ የሚል ነበር። ሰው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጥ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ላክቴት ጡንቻው ምን ያህል እንደተጨነቀ በመጠኑ ይናገራል። ልምምድ ብቻውን ላክቴትን ይቀንሳል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ወይራው በዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር መኖር አለመኖሩን ነው።

ስለዚህ አሥራ አራት ሯጮች መረጥን። ሰባቱ «ሀ» የሚል ብልቃጥ፣ ሰባቱ «ለ» የሚል ብልቃጥ ይወስዳሉ። በአንደኛው ውስጥ ያለው ወይራ ነው፤ በሌላው ውስጥ ያለው የበቆሎ ዱቄት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እነሱም እኔም አናውቅም። መልሱ በታሸገ ፖስታ ዶክተር ኤርሳዶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለስምንት ሳምንት። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት ካፕሱል እየቆጠርኩ አድላለሁ፤ ያን ቀንም ደማቸውን እለካለሁ።

የስምምነት ቅጹን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በወላይትኛ። «ግማሾቻችሁ የሚሰጣችሁ ባዶ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሯጮቹ እርስ በርስ ተያዩ። በአማርኛ ሳነበው ያልከበደው ነገር በእናቴ ቋንቋ ሲወጣ ለእኔም ነውር መሰለኝ፤ እንግዳ ጠርቶ ለግማሹ ባዶ ሰሃን እንደማቅረብ። ከሴቶቹ ሯጮች አንዷ ፈጠነች ናት። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ነበረች። ዳሞታ ተራራ ላይ ወይራ ሞልቶ በአውሮፕላን የሚመጣልን ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ዶክተር ኤርሳዶ የተራራው ወይራ ከዚህኛው ጋር የአክስት ልጅ ነው ብለው አስረዷት። ፈጠነችም፣ ዘመድማ ከሆነ ከፊሉን አያቴ ወተት ዕቃ ስታጥንበት ጠጥቼ ጨርሼዋለሁ አለች። ተሳቀና ሁሉም ፈረሙ።

ሙዓዝ ብቻ ሳይፈርም ቀረ። ሁሉም እስኪወጡ ጠብቆ፣ ካፕሱሉ ራሱ፣ ሽፋኑ፣ ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። ከእንስሳ አጥንት የሚሠራ እንዳለ ሰምቷል። አላውቅም አልኩት። ያን ዕለት ወደ ላኩልን ሰዎች ጻፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሽፋኑ ከተክል የተሠራ ነው የሚል መልስ መጣ። ወረቀቱን አትሜ ሰጠሁት። አንድም ቃል ሳይዘል አነበበውና ፈረመ።

«አመሰግናለሁ ቲቸር» አለኝ።

ቲቸር አይደለሁም። ከሀዋሳ በባዮሎጂ ተመርቄ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩ ነኝ። ሯጮቹ ግን ነጭ ጋውን ያየ ሁሉ እንደሚያደርገው ቲቸር ይሉኛል። ስሜ ቃለሕይወት ነው።

ሙዓዝ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አምስት ሺህ ሜትር ይሮጣል። ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ አባቱ አቶ ቡሽራ ሻንቶ ላይ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላቸው። እሱ የተወለደው እዚያው ስለሆነ ወላይትኛው ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ከተማ ያደግኩ ነኝና አንዳንድ ቃል ያርመኛል። አባቱ እስከ ጥር መጨረሻ ፈቅደውለታል። እስከዚያ ድረስ ክለብ ካልወሰደው ይመለስና ሱቁን ይረከባል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነገረኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ የማውቀው ነገር ነበር፦ ክለብ ከወሰደው አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ካልወሰደው ሻንቶ ይሄዳል። የእኔ የምለው ቢኖር ጥናቱ ነው፤ ስምንት ሳምንት፣ አምስት ጠብታ ደም። ከዚያ በላይ የምመኘውን ነገር ለራሴም ስም አልሰጠሁትም። የእኛ ቤት ፕሮቴስታንት ነው፤ እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ታስተምራለች። የእነሱ ቤት ሙስሊም ነው። አንዳችን በሌላችን ቤት ሥጋ እንኳ አንበላም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሙዓዝ ማሽኑ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። እንደዚህ ባለ ጊዜ ሯጩ አርፎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘበኛው ጀነሬተሩን እስኪያስነሳ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። እሱ መስኮቱ ጋ ባለው የጂምናስቲክ ፍራሽ ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ብዙ አወራ። ልጅ ሆኖ ሱቅ ሲጠብቅ ከሻንቶ ወደ አረካ የሚሄዱትን መኪናዎች ከባንኮኒው ጀርባ እያየ፣ የቱ ዳገቱ ላይ እንደሚደክም ይገምት እንደነበረ ነገረኝ። መሮጥ የጀመረው ከአንድ የድንች ጭነት መኪና ጋር ተወራርዶ ነው። እኔ ላክቴት ቆሻሻ እንዳልሆነ ነገርኩት። ድሮ ቆሻሻ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ጡንቻ የሚያመነጨውን ሌላው ጡንቻ፣ ልብም ጭምር፣ ተቀብሎ እንደሚያቃጥለው ታውቋል። ይህን ስናገር ለምን ፊቴ እንደጋለ አላውቅም።

«ቲቸር» አለ ቆይቶ። «የእኔ እውነተኛው ነው ወይስ ዱቄቱ?»

«አላውቅም።»

«ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር?»

«አልነግርህም።»

ሳቀ። «እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት» አለ። ጀነሬተሩ ተነሳ።

ታኅሣሥ ሦስት ቀን አምስተኛውና የመጨረሻው ልኬት ነበር። ከሁሉም በኋላ የገባው ሙዓዝ ነው። ሮጠ፣ ተቀመጠ፣ ጣቱን ወጋሁ፣ አሥራ አምስቱ ሰከንድ አለፈ። ቁጥሩ ከጥቅምቱ በጣም ወርዶ ነበር። ይህ አላስገረመኝም፤ የሁሉም ወርዷል። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከማወቅ ጉጉት የተነሳ የ«ሀ»ን እና የ«ለ»ን አማካይ በአንድ ወረቀት ላይ ስዬ ነበር። ሁለቱ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። ወይራው ምንም ካልሠራ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ግን እንዲህ ያለ መመሳሰል ለዓይኔ ከልክ አለፈብኝ።

ከልኬቱ በኋላ የማነባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሳትወስድ ያለፍክበት ቀን አለ? የለም አለ። ከተሰጠህ ብልቃጥ ውጭ የወሰድከው ነገር አለ? እስከዛሬ ሁሉም ይህን ጥያቄ «የለም» ብለው እየተነሱ ነው የሚመልሱት። ሙዓዝ አልተነሳም። ጥጡን ጣቱ ላይ እንደጫነ መሬት መሬቱን አየ።

«አለ» አለኝ። «ግማሹ የቶማ ነው። የእኔም ግማሽ ቶማ ጋ ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ቶማ ከሙዓዝ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ የአሥር ሺህ ሜትር ሯጭ ነው፤ ብልቃጡ «ለ» ነው።

ቀስ እያለ ነገረኝ። አሥራ አራቱም ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ሴቶቹ አንድ ክፍል፣ ወንዶቹ ሁለት። የሚበሉት በአንድ ትሪ ነው። ቅጹን የፈረሙ ዕለት ማታ ቶማ፣ ከአንድ ትሪ እየበላን አንዱ መድኃኒት አንዱ ዱቄት የሚውጠው እንዴት ሆኖ ነው ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ብልቃጦች እንደታደሉ ካፕሱሉን ሁሉ ጋዜጣ ላይ ገለበጡት፤ «ሀ»ውን ለብቻ፣ «ለ»ውን ለብቻ። ከዚያም አሥራ አራት መደብ ሠሩ። በየመደቡ አሥራ አራት ከ«ሀ»፣ አሥራ አራት ከ«ለ»። ጠዋት ከአንዱ፣ ማታ ከሌላው። በየሁለት ሳምንቱ እንዲሁ። ብልቃጡን ሲመልሱልኝ አንድም ካፕሱል ተርፎ አይቼ የማላውቀው ለዚህ ነው። እንኳን ሊተርፍ፣ አንድ ካፕሱል ከፈጠነች እጅ ወድቆ ሲጠፋ ከማን መደብ ላይ እንደሚቀነስላት ሲከራከሩ አምሽተዋል።

«ዶክተሩ ባዶ የሚወስድ ሰው ያስፈልገኛል ብለው አልነበረም ወይ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ አላለም፤ መቆጣት እንኳ አልሆነልኝም።

«ብለዋል። እኛ ግን የመሰለን ካፕሱሉ ለሁሉም አልበቃ ብሎ ነው። ዶክተሩ ላለማሳፈር እንዲህ ያሉ መስሎን ነው።» ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። «መስቀል ሲደርስ ልጆቹ በሬ ገዝተው ቅርጫ ያደርጋሉ። ጉበቱም አጥንቱም በየመደቡ እኩል ነው። ሁሉም ዕጣውን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ እንጨት። ፊቱን ያዞረ ሰው ዕጣውን በየመደቡ ላይ ይጥላል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የተቀቀለ ቦዬ በበርበሬ ዳጣ እበላለሁ። ያገለለኝ የለም፤ ሥጋውን የተውኩት እኔ ነኝ። ግን ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ዕጣ ኖሮኝ አያውቅም። ይሄ ግን ሥጋ አይደለም። አንቺው ነሽ ወረቀቱን ያመጣሽልኝ። ቶማ ‹ሙዓዝ፣ ዕጣህን ወዲህ በል› ሲለኝ የሰዓቴን ማሰሪያ ፈትቼ ሰጠሁት።»

ስምንት ሳምንት፣ ሰባ ልኬት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግማሽ ወይራ ግማሽ በቆሎ የዋጡ ሰዎች። አንድ ቡድን እንጂ ሁለት ቡድን አልነበረንም።

«ተበላሽቷል አይደል?» አለ።

«አዎ።»

«ጻፊው እንግዲህ። አማና ነበር፤ አደራውን በልተነዋል።»

ጻፍኩት። በማግስቱ ለዶክተር ኤርሳዶ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ በመስኮት አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ቅርጫው ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስነግራቸው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እሳቸውም የገጠር ልጅ ናቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው አሉ፤ በአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎችን ለሁለት ከፍለን ቤታቸው ላክናቸው። ካፕሱሉ ተርፏል። አንድ ወር አርፈው ከጥር አምስት ጀምሮ እንደገና እንሠራዋለን፤ በዚህኛው ዙር እዚሁ መጥተው ፊትሽ ይዋጡት አሉኝ። በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ።

በየቀኑ። ከቢሯቸው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሁለት ወር ሙሉ የሠራነው ሥራ ፈርሶ እኔ ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያን ሰሞን በጸሎት ሰዓት እንኳ አላነሳሁትም። ጠዋትና ማታ ሙዓዝ በበሩ ሲገባ፣ ካፕሱሉን በመዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት፣ ውሃ ስቀዳለት እየታየኝ የታኅሣሥን ግማሽ አሳለፍኩ። ፖስታው ሲከፈት «ሀ» ወይራ መሆኑ ታወቀ፤ ለአዲሱ ዙር ሌላ ምልክት ይወጣለታል። እኔ ግን ያሰብኩት የትኛው ወገን ቢደርሰው እንደሚሻል አልነበረም።

ዶክተር ኤርሳዶ ሯጮቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ለሁለተኛው ዙር ፈቃዳቸውን እንድጠይቅ አዘዙኝ። አሥራ ሁለት ሰው ይበቃናል፤ ሁለት ቢቀሩ አይጎዳም አሉ። እነ ቶማ አፍረው ስለነበር ሳልጨርስ ነበር የሚፈርሙት።

ሙዓዝ የመጣው በገና ዋዜማ ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጂምናዚየሙ ውስጥ ተማሪዎች መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ ግድግዳውን በመታ ቁጥር የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። የስፖርት ልብስ አልለበሰም፤ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ደውሎለታል። ጥር ሰባት ይፈትኑታል። ከወደዱት እዚያው ያስቀሩታል።

ደስ አለኝ አልኩት። እውነቴን ነው ያልኩት፤ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደረቀብኝ።

«አልነገርኳቸውም ገና» አለ። «እመጣለሁም አልመጣምም አላልኩም። አማና አለብኝ። የመጀመሪያውን አበላሽተን ሁለተኛውን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም። ጥናቱ እኔን ከፈለገ እቀራለሁ።»

«ከቀረህ ሱቁስ?»

«ሱቁ የት ይሄዳል። ሻንቶ ነው ያለው። ቅርብ ነው።»

አዎ፣ ቅርብ ነው። በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቅዳሜ ገበያ የሚሄድ ሰው ሱቁ በር ላይ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ነገር ሊገዛ ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከፊቴ ያለው ዝርዝር ላይ አሥራ ሦስት ፊርማ አለ። የአሥራ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ያስፈልገናል ካልኩት ይፈርማል፤ ዶክተር ኤርሳዶን ሄዶ አይጠይቅም። እኔ ያልኩትን ያምናል። ስለ ካፕሱሉ ሽፋን ያመጣሁለትን ወረቀት እንዴት እንዳነበበ ትዝ አለኝ።

«ዶክተሩ ስንት ሰው ያስፈልጋል አሉ?» አለ።

ኳሱ ግድግዳውን መታ።

«አሥራ ሁለት ይበቃል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልተነሳም። የሸሚዙን እጅጌ ጫፍ እያሻሸ ቆየ። ከዚያ፣ ከዚህ በፊት ጠርቶኝ በማያውቀው በስሜ ጠራኝ።

«ቃለሕይወት፣ ለዶክተሩ አይደለም የመጣሁት። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ማለት የምፈልገውን አውቀው ነበር። ከጥቅምት ሰባት ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ቃል ነበር፤ በወላይትኛም በአማርኛም አጭር ነው። ብዬው ቢሆን የሚቀረው ስምንት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኖ መኪናዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ያያል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ስኳር እገዛለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚፈቅድልን ቤት የለም።

«አሥራ ሁለት ይበቃናል» አልኩት ደግሜ። በዚህኛው ቀና ብዬ አየሁት።

ተነሣ። እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር አላወጣሁም፤ ብይዘው ቶሎ የምለቀው አልመሰለኝም። እሱም አልከፋውም መሰለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወጣ። በመጫወቻው በኩል ሲያልፍ ተማሪዎቹ ኳሱን ይዘው አሳለፉት።

ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ ለዶክተር ኤርሳዶ ወሰድኩ። በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱና መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ሙዓዝ የለም።»

ክለብ እንደጠራው ነገርኳቸው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይሁንለት አሉ። ብዕራቸውን አንሥተው ሊፈርሙ ሲሉ እንደገና ቆሙ።

«ብንለምነው ይቆይልን ነበር?»

«ይቆይ ነበር» አልኩ።

«መልካም» አሉና ፈረሙ። ዝርዝሩን ተቀብዬ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ወጣሁ።